ቸርኬውን ሳላነብ የገዛሁት ጎማ

ታናሽ እህቴን ከኋላ አፈናጥጬ እየሄድኩ ነበር፣ ፍጥነታችንም ያን ያህል አልነበረም፣ መንገዱ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ምንም የሚያሰጋ ነገር የሌለው። በድንገት የሞተሩ ኋላ እንደ ሰከረ ሰው መወላገድ ጀመረ። መጀመሪያ እህቴ የተንቀሳቀሰች መስሎኝ "ቀጥ በይ እንጂ!" ብዬ ሳልጨርስ የኋላው እግር ወደ ግራ ሸሸ። ጋዙን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ፣ የኋላ ፍሬን ጨርሶ አልነካሁም (አየር ያለቀበትን እግር በፍሬን ጥርቅም ካደረግከው ጎማው ከተጫነበት የብረት ክብ፣ ከቸርኬው፣ ሊወልቅ ይችላል፣ ይቺን ብቻ ድሮ ሰምቼ ነበር)፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ የፊት ፍሬኑን በስሱ በስሱ እየነካሁ ዳር ያዝን። አልወደቅንም። እህቴ ግን ከወረደች በኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የሄልሜቷን ማሰሪያ ልትፈታ ሦስቴ ሞክራ አቃታት፣ እኔ ነኝ የፈታሁላት። ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ እጇ ነው።

ጎማው እኮ አዲስ ነበር። ገና ሁለት ወሩ። ነገሩ በዛ ሁለት ወር ውስጥ ጎማው ሲተነፍስ ይሄ አራተኛው ጊዜ ነው፣ በየጊዜው ካላማዳሪያው (አየሩን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ይወጣል፣ ይለጠፋል፣ ይመለሳል፣ እኔም "ሚስማር ነው" ብዬ እቀጥላለሁ። ሚስማሩን አይቼው ግን አላውቅም። አንዴም። ይሄ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፣ ግን ሰው ስለ ጎማ ሲያስብ የሚያስበው ስለሚታየው ነገር ነው አይደል፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ስሙ። ውስጡ ያለው ካላማዳሪያና ከስሩ ያለው ቸርኬ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ነው የሚቆጠረው። እኔም ጎማውን ስቀይር ካላማዳሪያውን አልቀየርኩም፣ "ደህና ነው ገና" ተባልኩ፣ አመንኩ።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። የሆነውን ነግሬው ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ሚስማሩ የታለ?"

"አላገኘሁትም ጋሼ።"

"በፊትስ?"

"በፊትም አላገኘሁም።"

"እና የሌለ ሚስማር አራት ጊዜ ወጋህ?" አለና ካላማዳሪያውን አምጣ አለኝ። እኔ ለካ ልጥለው ነበር ያሰብኩት። "ካላማዳሪያ ከመጣልህ በፊት ይነበባል" አለ፣ ጠመኔ አነሳና ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጣቱን ዙሪያውን አስኬደው።

እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከዛ ቀን የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ካላማዳሪያ የት ጋ እንደተቀደደ ካየህ ለምን እንደተቀደደ ይነግርሃል። ቀዳዳው በውጪ በኩል ከሆነ፣ ማለትም መንገድ በሚነካው የጎማው ክፍል አንጻር፣ አዎ ሚስማር ወይ እሾህ ወይ ስባሪ ነው፣ የወጋው ነገር አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ስለሚችል ዳብሰህ ካላገኘኸው አዲሱንም ይወጋዋል። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ፊት ከሆነ ግን መንገዱን አትውቀስ፣ ወይ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያስረው የሽቦ ጫፍ ነው ወይ ዝገት። ሁለት ቀጫጭን ቁርጦች ጎን ለጎን እባብ የነከሰው መስለው ከታዩህ አየሩ አንሶ ጉድጓድ ወይ ድንጋይ ስትመታ ካላማዳሪያው በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መሃል ተቆንጥጧል። እንዲሁ የተሸበሸበ መስመር ላይ የተበላ ካለ ካላማዳሪያው ለጎማው በጣም ትልቅ ነው፣ ታጥፎ ነው የገባው፣ እጥፋቱ ደግሞ ሲፋተግ ኖሯል። ቫልቩ (አየር የሚሞላበት አፍ) ስር ከተቀደደ ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ካላማዳሪያውን ይዞት ሄዷል፣ ቫልቩ ግን ቀዳዳው ውስጥ ታስሮ ስለቀረ ስሩ ተበጥሷል።

የኔ የት ነበር? ቫልቩ ስር፣ እንደ ተቀደደ ኪስ ግማሹ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። አልተበሳም፣ ተቀደደ። የተበሳ ካላማዳሪያ አንዳንዴ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፣ ዳር ለመያዝ ጊዜ ታገኛለህ፣ የዚህ ዓይነቱ ግን ባንዴ ነው ባዶ የሚሆነው፣ ለዛ ነው ኋላዬ እንደዛ የከዳኝ። ከዛ ሌላ የድሮዎቹ ሦስት ልጥፎች ሁሉም በውስጥ በኩል ነበሩ፣ በቸርኬው ፊት። ሦስቱም። አጎቴ በጠመኔ ከበባቸውና ዝም ብሎ አየኝ።

ቀጥሎ ያደረገው ካላማዳሪያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። በደበዘዘ ጽሑፍ 2.75/3.00-18 ይላል። ጎማው ደግሞ 110/90-18። እኔ 18 እና 18 ስለሆነ ልክ ነው ብዬ ነበር። 18 ማለት የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፣ እሱማ መግጠም አለበት፣ ያ ካልገጠመ ጎማው መጀመሪያውኑ አይገባም። ችግሩ ከፊት ያለው ቁጥር ላይ ነው። በአዲሱ አጻጻፍ 110 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 90 ደግሞ ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ 99 ሚሊሜትር። በድሮው አጻጻፍ 3.00 ስፋቱ በኢንች ነው፣ ቁመቱም ከስፋቱ ጋር ተቀራራቢ። 3.00-18 የነበረው ሞተር በአዲሱ አጻጻፍ ሲቀየር ብዙ ጊዜ 90/90-18 ነው የሚገባለት። እኔ ግን ኋላው ሞላ ብሎ እንዲታይ ፈለግኩ፣ ወፍራም ጎማ መንገድ የበለጠ ይይዛል የሚል ነገርም ሰምቼ ነበር፣ ባንዴ ሁለት ደረጃ ዘልዬ ወደ 110 ሄድኩ።

አሁን ያንን ትንሽ ካላማዳሪያ እዛ ውስጥ አስበው። የ110/90 ጎማ ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ከ3.00ው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፣ ካላማዳሪያው ያንን ሁሉ ለመሙላት እንደ ፊኛ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይሳሳል። የሳሳ ላስቲክ አየር ቶሎ ያሳልፋል፣ ትንሽ ነገር ሲነካው ደግሞ መበሳት ብቻ አይደለም ይተረተራል፣ የተለጠፈ ቦታ ካለማ ልጥፉ አብሮት ስለማይለጠጥ በጠርዙ በኩል ይለቃል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ አየር ስሞላ የቫልቩ መርፌ ነው የሚያሳልፈው ብዬ መርፌውን ቀይሬያለሁ! ስለዚህ ካላማዳሪያ ሲመረጥ ላዩ ላይ የጎማው ልክ በስም ተጽፎ መገኘት አለበት። አብዛኛው ካላማዳሪያ ሁለት ሦስት ልክ አንድ ላይ ይጽፋል፣ ለምሳሌ 2.75/3.00-18 እንደሚለው፣ ያ ማለት በነዚህ መሃል ላለው ይሆናል ማለት እንጂ 18 ለሆነ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ደሞ "ትልቅ ይሻላል" ብለህ ትልቅ አትግዛ፣ ትልቁ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ይፋተጋል፣ ቅድም ያልኩት ነው። ሌላው፣ የተጠቀምንበት ካላማዳሪያ በጊዜ ብዛት እየሰፋ ይሄዳል፣ አውጥተህ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጠው በዓይንህ ታየዋለህ፣ ለዛ ነው ጎማ ሲቀየር ካላማዳሪያውም አብሮ ይቀየር የሚባለው። ሻጭ ለመሸጥ ብሎ የሚለው ይመስለኝ ነበር፣ አይደለም።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ "በቃ የ110/90 ካላማዳሪያ ልግዛ" አልኩ። አጎቴ ግን ገና ወደ ቸርኬው አልደረሰም ነበር።

ጎማውን ሙሉ በሙሉ አወጣነው። የቸርኬውን ውስጥ ሳየው ደነገጥኩ፣ ብረት ነው፣ ቀይ ዝገት እንደ ቅርፊት ተላጦ ቆሟል፣ በጣት ስትነካው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። የሽቦዎቹን ዳዶዎች (ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚያስሩትን) መሸፈን የነበረበት የላስቲክ ቀበቶ ደርቆ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል፣ ከመሃሉ ደግሞ የለም፣ ተበጥሷል። ሦስቱ ልጥፎች ከየት እንደመጡ ለማወቅ ካላማዳሪያውን በቫልቩ ቀዳዳ አስተካክለን ቸርኬው ላይ አስቀመጥነው። ሁለቱ የጠመኔ ክቦች ልክ ቀበቶው በሌለበት ቦታ ዳዶዎች ላይ አረፉ፣ አንዱ ዳዶ ላይ የሽቦው ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወጥቶ ነበር፣ ስለት ያለው። ሦስተኛው ክብ ዝገት ላይ ወደቀ። ሰው አንድ ነገር ሲገለጥለት የሚሰማውን ያህል ደስ የሚል ነገር የለም፣ እህቴ ትዝ ባትለኝ ደስ ይለኝ ነበር ማለቴ ነው።

በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ጠረግ ጠረግ ስናደርገው የተቀረጸ ጽሑፍ ወጣ፣ 18x1.85። ይቺ 1.85 ናት እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ። የቸርኬው የውስጥ ስፋት ነው በኢንች፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይሆን የጎማው ከንፈር (ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ) ከሚያርፍበት እስከሚያርፍበት፣ ወደ 47 ሚሊሜትር ገደማ። አንዳንድ ቸርኬ ላይ ይሄው ስፋት በሌላ ስም ይጻፋል፣ ደብሊዩኤም1 ማለት 1.60 ነው፣ ደብሊዩኤም2 1.85፣ ደብሊዩኤም3 2.15። እያንዳንዱ ጎማ ደግሞ የሚስማማው የቸርኬ ስፋት አለው፣ ጎማ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ሰንጠረዥ ያወጡለታል፣ አንድ የሚመከር ልክና ከታችና ከላይ የሚፈቀድ ወሰን። ለ3.00-18 ጎማ 1.85 ጥሩ ነው። ለ110/90-18 ግን የሚመከረው 2.50 ሲሆን ትንሹ 2.15 ነው፣ የኔ ቸርኬ ከወሰኑ ውጪ ነው።

ከወሰን ውጪ ሲሆን ምን ይሆናል? ጎማውን ከኋላ ቆመህ ብታየው ከታች ተቆንጥጦ ከላይ እንደ አምፖል ያበጠ ነው። ጎኖቹ ቀጥ ብለው መቆም ሲገባቸው ወደ ውስጥ ተጎትተዋል፣ መታጠፊያ ላይ ሞተሩን ዘንበል ስታደርገው ጎማው ቸርኬው ላይ ይወዛወዛል፣ አንተ ታጥፈሃል እሱ ገና ይከተላል። እኔ ይሄን ስሜት አውቀው ነበር፣ "አዲስ ጎማ እስኪለመድ ነው" ብዬ ነው ያለፍኩት። የጎማው ከንፈር ደግሞ በትክክለኛው አንግል ስላላረፈ ጋዝ ስትሰጥና ስትይዝ ቸርኬው ላይ ለመንሸራተት ይቀለዋል፣ በተለይ አየሩ ካነሰ፣ የኔ ደግሞ በዛ በሳሳ ካላማዳሪያ ምክንያት ሁሌም እንዳነሰ ነበር። በተቃራኒው ጠባብ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ከሆነ ጎማው ይለጠጥና አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጎኑ ቸርኬውን መሸፈን ያቅተዋል፣ ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ራሱ ነው የሚመታው። ወፍራም የሆነ ነገር ሁሉ ይሻላል የሚል ሰው ካለ እባካችሁ አትስሙት። ከልኩ በላይ የወፈረ ጎማ ቁመቱም ስለሚጨምር የኋላው እግር በኔ ሞተር ላይ ወደ 4 ሴንቲሜትር ገደማ በዲያሜትር አድጎ ነበር፣ ማርሹ ከበደ፣ ከካቴናው ጋርም የቀረው ክፍተት ጣት አያስገባም ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ቸርኬህን ታነባለህ፣ ከዛ ቸርኬው የሚፈቅደውን ጎማ፣ ከዛ ጎማው የሚፈልገውን ካላማዳሪያ። እኔ ጎማ መረጥኩ፣ ካላማዳሪያውን ተውኩ፣ ቸርኬውን አላየሁትም።

ካላማዳሪያ ያስፈልጋል ወይ የሚለውም ከቸርኬው ነው የሚጀምረው። ጎማው ጎን ላይ ቲዩብ ታይፕ ወይም ቲቲ ካለ ያለ ካላማዳሪያ አይነዳም፣ አለቀ። ቱብለስ ወይም ቲኤል ካለ ግን ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራው ቸርኬውም ለዛ የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የቱብለስ ቸርኬ የጎማው ከንፈር አየር ሲያንስ ወደ መሃል እንዳይወድቅ የሚይዝ ጉብታ አለው። ተራ የሽቦ ቸርኬ ደግሞ በየሽቦው ቀዳዳ አየር ያሾልካል፣ ስለዚህ የቱብለስ ጎማ ብታስገባበትም ካላማዳሪያ ያስፈልገዋል። ሽቦዎቹ ጠርዙ ላይ የሚታሰሩባቸው ቱብለስ የሆኑ የሽቦ ቸርኬዎች አሉ፣ ግን ውድና ልዩ ናቸው። ሽቦ የሌለው ወጥ የአሉሚኒየም ቸርኬ ሁሉ ቱብለስ ነው ብላችሁም አትገምቱ፣ ካላማዳሪያ የሚፈልጉ አሉ፣ አብዛኛው ጊዜ ቸርኬው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጎማው ራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱበት ዓይነት) ከሆነም ካላማዳሪያው ለራዲያል የሚሆን መሆኑን ማየት ነው፣ የራዲያል ጎን ብዙ ስለሚተጣጠፍ ተራው ቶሎ ይሞቃል።

ስለ ላስቲኩ ራሱ ደግሞ ትንሽ ላውራ፣ ይሄ የኔ ደካማ ጎን ነው፣ ማንበብ ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። ካላማዳሪያ በሁለት ዓይነት ነው በብዛት የሚሠራው፣ ከተፈጥሮ ላስቲክና ከቡቲል። ቡቲልን እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ የሚሠሩ ዊሊያም ስፓርክስና ሮበርት ቶማስ የሚባሉ ኬሚስቶች ናቸው ያገኙት፣ ትልቁ ጸጋው አየር አያሾልክም፣ ከተፈጥሮ ላስቲክ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም፣ ሞልተኸው ሳምንታት ይቆይልሃል። የተፈጥሮው በጎ ጎን ደግሞ ሌላ ነው፣ በጣም ይለጠጣል፣ ሲወጋ የወጋውን ነገር ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቶሎ አይተረተርም። ስለዚህ ድንጋይና ጫካ ለሚነዳ ሰው አየሩን ቶሎ ቶሎ እየለካ የተፈጥሮውን ቢመርጥ ይገባኛል። ለኔ ዓይነቱ በየቀኑ አስፋልትና ኮረኮንች ለሚቀላቅል ግን ቡቲል። ውፍረቱ ላይም ምርጫ አለ፣ ሄቪ ዱቲ የሚባሉት 3 ሚሊሜትር፣ ከዛም በላይ 4 የሚደርሱ አሉ፣ ለቁንጥጫ በጣም ጥሩ ናቸው ግን ይከብዳሉ፣ ለማስገባትም ያታግላሉ፣ ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዱም ሙቀት ይይዛሉ። ወፍራም ካላማዳሪያ የልክ ስህተትን አያርምም።

ቫልቩንም ሳታዩ እንዳትገዙ። የሞተር ካላማዳሪያ ላይ አብዛኛው ጊዜ የሚገኘው ቲአር4 የሚባለው ቀጥ ያለ ከላይ እስከታች ጥርስ ያለው የብረት ቫልቭ ነው፣ የቸርኬ ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። ትናንሽ ቸርኬ ያላቸው ስኩተሮች ቲአር87 የሚባለውን ወደ ጎን የታጠፈ ይፈልጋሉ፣ አለዚያ የፖምፓው አፍ ከፍሬኑ ጋር ይጋጫል። ቀጭን የብረት ቫልቭ ሰፊ ቀዳዳ ላይ ካስገባህ ይንቀጫቀጫል፣ የቀዳዳው ጠርዝም ስሩን ይቆርጠዋል። አፉ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ኦገስት ሽሬደር ፓተንት ያወጣበት ዓይነት፣ ለዛ ነው የመኪና ፖምፓ ለሞተርም የሚሆነው። ቫልቩ ላይ የምትመጣዋ ዳዶ ደግሞ (ይሄን ጽፌ አስምሬበታለሁ) ቸርኬው ላይ ጥብቅ ተደርጋ አትታሰርም። ወደ ላይ ወደ ክዳኑ ትሰዳለች፣ ወይም ላላ ተደርጋ ትቀመጣለች። ጎማው ትንሽ ቢንሸራተት ቫልቩ ዘንበል ይላል፣ አንተም አይተህ ታስተካክላለህ። ጥርቅም ተደርጋ ከታሰረች ግን ቫልቩ ዘንበል ማለት አይችልም፣ ስሩ ይበጠሳል። የኔ በኪያቬ ነበር የታሰረችው፣ ራሴ ነኝ ያሰርኳት፣ "እንዳይላላ" ብዬ።

ቸርኬውን ቀየርኩት። ያለኝ ምርጫ ሁለት ነበር፣ ዝገቱን አጽድቼ ወደ 90/90-18 መመለስ፣ ወይ ሰፋ ያለ ቸርኬ አድርጌ ትንሽ ወፈር ያለ ጎማ መጫን። ዝገቱ ስር ድረስ በልቶት ስለነበር ሁለተኛውን መረጥኩ፣ 2.15 በ18 የሆነ አሉሚኒየም፣ ጎማው 100/90-18፣ ካላማዳሪያው ላይም በግልጽ 100/90-18 የሚል። 110 ለምን አላደረግክም የሚል ይኖራል፣ ለ2.15 ቸርኬ 110 የወሰኑ ጫፍ ነው፣ 100 ግን የተሻለ ይስማማዋል፣ ከካቴናውም ይርቅልኛል። አሉሚኒየም ይቀላል፣ አይዝግም፣ ግን ብረት ሲመታ ታጥፎ ሊቃና ይችላል፣ አሉሚኒየም ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስለዚህ ርካሹን ስስ አሉሚኒየም ከምትገዛ ደህና ብረት ይሻልሃል ባይ ነኝ። ቸርኬ ስትቀይር ስፋትና ዲያሜትሩ ብቻ አይደለም የሚታየው። የሽቦ ቀዳዳው ቁጥር ከሞዞው (ሽቦዎቹ ከሚነሱበት የመሃል ክፍል) ጋር እኩል መሆን አለበት፣ የኔ 36 ነው፣ ቀዳዳዎቹም ወደ ሞዞው ዘንበል ብለው የተበሱበት አንግል አለ፣ ካልገጠመ ሽቦው ዳዶው አንገት ላይ ይታጠፍና ከጊዜ በኋላ እዛው ይሰበራል። የሽቦው ርዝመትም ይለያያል።

ቸርኬውን ሽቦ ማልበሱ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን። ሁሉም ሽቦ ላላ ተደርጎ ከገባ በኋላ በየተራ ሩብ ሩብ ዙር ነው የሚጠበቀው፣ አንዱን ጎን ቶሎ ካጠበቅከው ቸርኬው ወደዛ ይሄዳል። አጎቴ ፔርኖው (የመሃል ዘንጉ) ላይ አስሮ እያሽከረከረው አንድ ሚስማር ከጎኑ አቆመና ክፍተቱን ያይ ነበር፣ የብዙ ሞተሮች ማንዋል ወደ ጎንም ወደ ላይም እስከ 2 ሚሊሜትር መዛነፍ ይፈቅዳል፣ እሱ ግን ከአንድ በታች ካልሆነ አይለቅም። ከዛ በካቻቢቴ እያንዳንዱን ሽቦ ቲን ቲን እያደረገ አዳመጠ፣ ጥብቁ ይጮኻል፣ ላላው ድምፁ የታፈነ ነው። እኔ በጨርቅ የተጠቀለለ ጣቴን በቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን አስኬድኩ፣ ጨርቁ ሦስት ቦታ ያዘ፣ ሦስት ሽቦ ከዳዶው ወጥቶ ነበር፣ በሞረድ አስተካከልናቸው፣ ብናኙን ጠረግን፣ አዲስ የላስቲክ ቀበቶ አለበስነው። ጣት እያስኬዱ መፈተሹን እባካችሁ አትዝለሉት፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ጎማውን ስናስገባ ካላማዳሪያው ላይ የታልክ ዱቄት ነሰነስንበት፣ ጎማው ውስጥ እንዳይጣበቅና እንዳይፋተግ። ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ አየር ሰጠነው፣ ባዶ ከገባ ማውጫው ብረት ይቆነጥጠዋል፣ ብዙ አዲስ ካላማዳሪያ የሚበሳው እዛች ላይ ነው። የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውሃ ቀብተን ከቫልቩ ማዶ ጀምረን ቫልቩ ጋ ጨረስን፣ በማዶ በኩል ያለው ከንፈር ቸርኬው መሃል ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ከሆነ የመጨረሻዋ ክፍል ያለ ትግል ነው የምትገባው፣ ጉልበት ከጠየቀህ የሆነ ነገር ተሳስተሃል። ሞላነው፣ ከዛ መርፌውን ነቅለን ሙሉ በሙሉ አስተነፈስነው፣ እንደገና ሞላነው፣ የታጠፈ ነገር ካለ እንዲዘረጋ። ጎማው ጎን ላይ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች፣ እሷ በሁሉም ቦታ ከቸርኬው እኩል መራቅ አለባት፣ አንድ ቦታ ከገባች ከንፈሩ ገና አልተቀመጠም። ለማስቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ አትሂዱ፣ ካልተቀመጠ አስተንፍሱና ሳሙና ጨምሩ። ከዛ ወደ ሞተሩ ልክ ትመልሱታላችሁ፣ ቀዝቃዛ ጎማ ላይ ነው የሚለካው።

መጠባበቂያ ካላማዳሪያ አሁን ይዤ ነው የምዞረው። ታልክ ነስንሼ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከመሣሪያዎቹ ለብቻው፣ ምክንያቱም ቦርሳ ውስጥ ከኪያቬ ጋር እየተፋተገ ሳትጠቀምበት የሚበሳ ካላማዳሪያ ብዙ ነው። በየጥቂት ወሩ አውጥቼ እጥፋቱን እቀይራለሁ፣ አንድ ቦታ ታጥፎ ከቆየ እዛው ይሰነጠቃል። ያረጀውን ደግሞ አልጣልኩትም፣ አጎቴ በመቀስ ቀለበት ቀለበት አድርጎ ቆርጦ ዕቃ ማሰሪያ አደረገው፣ ቫልቩ ያለበትን ክፍል ግን ለኔ ሰጠኝ፣ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ካስገባን በኋላ በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎሜትሮች ሁለቴ ሽቦዎቹን አዳመጥኳቸው፣ አራቱ ላልተው ነበር፣ አዲስ የተለበሰ ቸርኬ እስኪቀመጥ እንደዛ ነው፣ ሩብ ዙር በቂያቸው ነበር። አየሩን የሞላሁት ከወር በላይ ሆኖታል፣ የወረደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እህቴም እንደገና መፈናጠጥ ጀምራለች፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቢ ብላ ነበር፣ አልተጫንኳትም። አሁን ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ ቫልቩን ታያለች፣ ዘንበል ያለ እንደሆነ አልወጣም ብላኛለች፣ ቀጥ ካለ ትከሻዬን ይዛ ትወጣለች።